ሁለት ስዊች፣ ሦስት ሽማግሌ

ሐምሌ 28 ቀን 2017

ሁለቱ ስዊቾች መጡ።

ሐምሌ 29

ትናንት ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም። ካርቶኖቹን ከመኪና አውርደን ወደ ሰርቨር ክፍሉ ስናስገባ ዝናቡ ያዘን። የሥራ ባልደረባዬ ሀናን ጃኬቷን አውልቃ ካርቶኑ ላይ ጣለች፤ እሷ በስብሳ ገባች። "እኔ እደርቃለሁ ጋሼ፤ ይሄ ከረጠበ አይደርቅም" አለች።

ሰኔ ላይ የሆነውን ላስፍረው፤ ሁሉም የመጣው ከዚያ ነው። የሆስፒታላችን ኔትወርክ በሙሉ ያረፈው በአንድ አሮጌ ስዊች ላይ ነበር። ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ራጅ ክፍሉ፣ ሁሉም ገመዱን የሚልከው ወደዚያ ሳጥን ነው። አንድ ጠዋት ሳጥኑ ሞተ። ከሌሞ በጋሪ የመጡ በሽተኞች ካርዳቸው ሳይገኝ ግቢ ውስጥ ዋሉ። የላብራቶሪ ውጤት በወረቀት ተጽፎ በእጅ ተላከ። የአንዲት ሴት ውጤት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስህተቱን ነርሷ ናት የያዘችው።

ሥራ አስኪያጃችን ዶክተር ወልደኪዳን ቢሮው ጠርቶኝ "አቶ ቲቶ፣ ይሄ ይደገማል?" አለኝ። አይደገምም አልኩት። አዲሱ የእናቶች ሕንፃ ከመስቀል በፊት ይከፈታል። እስከዚያ ሁለት ስዊች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሸከማል። አምኜ ነው ቃል የሰጠሁት።

ሐምሌ 30

ሁለት መግዛቱ ቀላል ነበር። ጥያቄው እንዴት ይጣመሩ ነው።

አንደኛው መንገድ ስታክ ማድረግ ነው። ሁለቱ ከኋላ በልዩ ገመድ ይያያዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት መሆናቸው ይቀራል። አንድ አድራሻ፣ አንድ ትእዛዝ። አንዱ አለቃ ነው፣ ሌላው ተጠባባቂ። አለቃው ሲወድቅ ተጠባባቂው ይረከባል። ከወንበሬ ሳልነሳ ሁሉንም አያለሁ።

ሁለተኛው ጥንድ ማድረግ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ጭንቅላት ያስባሉ፤ እርስ በርስ ግን ይነጋገራሉ። ከየፎቁ የሚመጣው መስመር ወደ ሁለቱም ስለሚገባ ከታች ሆኖ ለሚያይ አንድ ይመስላሉ። ሥራው እጥፍ ነው። አንዱ ላይ የጻፍከውን ሌላውም ላይ መጻፍ አለብህ።

እኔ ስታክ አልኩ። ሀናን ጥንድ አለች።

"ስታክ በሁለት ፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው" አልኳት። "አንዱ ቢያነክስ ሌላው ያደርሳል።"

"ነጂው አንድ ነዋ። ነጂው ካንቀላፋ ሁለቱም ፈረሶች ቦይ ውስጥ ናቸው።"

"ነጂው እኔ ነኝ። አላንቀላፋም።"

"እሱስ እውነት ነው" አለች። "ምሳም አይበሉም።"

ሀናን አብራኝ መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆናት። ጎበዝ ናት፤ ምላሷም እንደዚያው። ዋናውን ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። አልሰጠኋትም። ከንቀት አይደለም። ሁለት ሰው የያዘው ቁልፍ የማንም አይደለም።

ነሐሴ 2

ባለቤቴ ማራኪ እራት ላይ "ነገ ጠዋት ከቤት እንዳትወጣ" አለችኝ። ከአዲሎ ሽማግሌ ይመጣል። ልጃችንን ሣራን ሊጠይቁ።

ልጁ ተገኘ ይባላል። ከአባቱ ጋር አይሱዙ ያሽከረክራል፤ ከአዲሎ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ አዲሎ። ሣራ ዱራሜ ታስተምራለች፤ ለክረምቱ ነው ቤት ያለችው። የተዋወቁት ዱራሜ ነው። ልጁ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ለአንድ ገመድ ብዬ ወደ ሆስፒታሉ ብቅ አልኩ። ብቅ ስል የመጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ይጮኻል። ትቼው መምጣት አልቻልኩም። ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል።

ሦስት ነበሩ። መሪያቸው አቶ ሀብተሚካኤል የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። አልተቀመጡም። አባት፣ ወይም አባት በቃሉ የወከለው ሰው፣ "ተቀመጡ" ሳይል ለዚህ ጉዳይ የመጣ ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ውሃም አይጠጣም። ማራኪ ጎንበስ ቀና ብትል ምን ዋጋ አለው።

"'ባለቤትሽ የት ነው?' አሉኝ" አለች። "ሥራ ላይ ነው አልኩ። 'ቅዳሜ?' አሉ። ቅዳሜ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ።"

"ለምን አልደወልሽም?"

"አራቴ ደወልኩ።"

ስልኬ ቢሮ ነበር። ሰርቨር ክፍሉ ይጮኻል፤ አብሮኝ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ሣራ ያልተነኩትን ብርጭቆዎች ሰብስባ ገባች።

ነሐሴ 6

ስታኩ ሠራ። ለሙከራ ካርድ ክፍሉን ብቻ ወደ አዲሶቹ አዛወርን። አለቃውን ስዊች ከኃይል ነቀልኩ። ተጠባባቂው ወዲያው ተረከበ። ካርድ ክፍል ያለችው ረምላ ቀና እንኳን አላለችም፤ የአንድ ሽማግሌ ስም መተየቧን ቀጠለች። እንዲህ ነው ሥራ ማለት።

ሀናን ክንዷን አጣጥፋ ቆማ ነበር። "አሁን አፕዴት ያድርጉት" አለች።

ፕሮግራማቸውን አደስኩት። ሁለቱም አንድ ላይ ጠፍተው አንድ ላይ ተነሱ። አንድ አካል ናቸውና ሌላ ሊሆን አይችልም። በዚያ መሃል ረምላ ወጥታ ሻይ ጠጥታ ተመለሰች።

"አፕዴት በዓመት አንዴ ነው" አልኩ።

"ምጥ ግን በዓመት አንዴ አይደለም፣ ጋሼ።"

መልስ ነበረኝ። በኋላ ነው የመጣልኝ።

ነሐሴ 9

ወንድሜ ዋለ ደወለ። አንጋጫ ነው የሚኖረው፤ ባቄላና ስንዴ ይነግዳል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል።

"ሰውዬ፣ ሽማግሌ አቁመህ መለስክ አሉ።"

"አላቆምኩም። አልነበርኩም።"

"እሱ አይደል ማቆም። በል እኔን ወክለኝ። በቃልህ ብቻ፣ 'ዋለ በእኔ ቦታ ይቀመጥ' በል። እኔ ገብቼ አስቀምጣቸዋለሁ፣ እሰማቸዋለሁ፣ መልሱን አንተ በጊዜህ ትሰጣለህ።"

"እኔ በሕይወት እያለሁ?"

"አንተማ በሕይወት አለህ። ቤት ውስጥ ነው የሌለኸው።"

ዋለ ቀልደኛ ነው። ስልኩን ዘጋሁበት፤ ማለቴ ተቋረጠ።

ነሐሴ 12

ዝናብ። መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። ስዊቾቹ አልተነቃነቁም።

ነሐሴ 15

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ እንደሚመለሱ ላኩ። ቅዳሜ በሽተኛ ስለሚቀንስ የስታኩን ገመድ የመንቀል ሙከራ ለዚያ ቀን ይዤው ነበር። ከጠዋቱ ጀምሬ ቶሎ እጨርሳለሁ። ሽማግሌ የሚመጣው ከሰዓት ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

በአጭሩ። ገመዱን ነቀልኩ። ሁለቱ ስዊቾች መተያየት አቆሙ። አንደኛው "ሌላው ሞቷል፤ አለቃው እኔ ነኝ" አለ። ሌላውም እንደዚያው አለ። ሁለት አለቃ በአንድ ስም፣ በአንድ አድራሻ። ካርድ ክፍሉ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየተላተመ ቆመ። ረምላ ሁለት ጊዜ ሻይ ወጣች።

መልሼ እስካገናኛቸው ቀኑ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ጠዋት ነው። ከሰዓት ያለኝ ማን እንደሆነ አላስታውስም።

ነሐሴ 18

ትናንት ያልጻፍኩትን። አቶ ሀብተሚካኤል በሩ ላይ ቆመው ለማራኪ እንዲህ ብለዋታል፦ "ልጄ፣ አንዴ ስንመጣ ሥራ ነው አልን። ሁለቴ ስንመጣም ሥራ ይሁን። ሦስተኛም እንመጣለን። አራተኛ የለም። የዚያን ቀን 'ተቀመጡ' የሚለን ካጣን እምቢታ ብለን ይዘን እንሄዳለን። እምቢታ ነውር አይደለም። አንቀየምም።"

ማራኪ ይህን የነገረችኝ በከምባትኛ ነው። ሆሳዕና ከገባን ወዲህ ቤት ውስጥ አማርኛ ለምዶብናል፤ በከምባትኛ የምትነግረኝ ስትናደድ ነው።

ሣራ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ እምቢ ካልክ በአፍህ በለኝ።"

"እምቢ አላልኩም።"

"እሺስ ብለሃል?"

ትናንት የሆነውን አስረዳኋት። ሁለት ስዊች መስመራቸው ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሌላውን ሞተ ብሎ እንደሚያስብ፣ ማንም ሳይዋሽ ሁሉም እንደሚበላሽ። በጥሞና አዳመጠችኝ። አስተማሪ ናት፤ ማዳመጥ ታውቃለች።

"እና መድኃኒቱ ምንድን ነው?" አለች።

"ሌላ ቀጭን መስመር ይዘረጋላቸዋል። ሥራ አይሸከምም፤ 'አለህ?' 'አለሁ' መባባያ ብቻ።"

"ጥሩ ነው" ብላ ተነሳች። ገብቷታል መሰለኝ።

ነሐሴ 20

ቀጭኑ መስመር ተዘረጋ። ገመዱን ደግሜ ነቀልኩ። ተጠባባቂው አለቃው በሕይወት እንዳለ በቀጭኑ መስመር አየና ዝም አለ። አንድም ኮምፒውተር አልተቋረጠም። ሀናን እንኳ "ይሄስ ጥሩ ነው" አለች። ያልኩት ሆነ። የቀረው የአፕዴቱ ነገር ነው።

ነሐሴ 21

ገንዘብ መቀበያው ጋ ወረፋ ስጠብቅ ከመስኮቱ ወዲያ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"ልጁን ለሹፌር አልሰጥም ብሎ ነው እንጂ የምን ስዊች ነው!"

"ኧረ ተይው፤ አንድ ልጁን መለየት አቅቶት ነው። ዱራሜ ስትሄድ እንኳ ወር ሙሉ ከሰው አልተነጋገረም።"

ስዊቹን አንድ ቀን አስገብቼ ባሳያቸው እንዲህ አይሉም ነበር።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጥንዱን ሞከርን። ለሀናን ዕድሏን መስጠት ፍትሐዊ ነው። ዛሬ የሚመጣ ሽማግሌ አልነበረም፤ አርፍጄ ገባሁ፣ በጊዜም ጨረስኩ።

አንዱን ብቻ አፕዴት አደረግን፤ ሌላው ብቻውን ተሸከመ። ከዚያ ተለዋወጡ። ረምላ ሻይ አልወጣችም። እቀበላለሁ፤ ይህ ከስታኩ ይበልጣል።

ከሰዓት ግን ላብራቶሪውን ስንጨምር ነገሩ ዞረ። አንዳንዱ ማሽን ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። የሚሠራው ይቆማል፣ የቆመው ይሠራል። የላብራቶሪው ሰው ሀብታሙ "ጠንቋይ ልጥራ?" እያለ በሩ ላይ ተመላለሰ። በመጨረሻ ጥፋቱ ታወቀ። የላብራቶሪው መስመር አንደኛው ስዊች ላይ ተጽፎ ሁለተኛው ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል። ስላቅ የሚመስለው ይኸው ነው፦ ጥንድ ሲሆን ሁሉም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ሰው ደግሞ ይረሳል።

"ረሳን" አልኩ።

"እኛ?" አለች ሀናን። "እኔ ሁለተኛው ላይ መግባት አልችልም ጋሼ። ገብቼ ባየው ኖሮ በአንድ አፍታ ይታየኝ ነበር። ሁለት ጭንቅላት ገዝተን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያናግራቸው።"

መሽቶ ነበርና ወደ ቤት ሄድን።

ነሐሴ 28

ሣራ ከጓደኞቿ ጋር ዱራሜ ደርሳ መጣች። መስከረም ላይ ትመለሳለች። እዚያ ስትሆን ማታ ማታ መደወል ልማዷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሆነውን ትነግረኛለች፣ ከተማሪዎቿ የሰነፎቹን ስም ሁሉ አውቀዋለሁ። ማራኪ "አግብታም ትደውላለች" ትላለች። ያገባች ሴት ማታ ሥራ ይበዛባታል። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ እውነት ነው።

ጳጉሜን 3

ወሰንኩ። መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ስዊቾች ጥንድ ይሆናሉ፤ ሕንፃው የሚተማመነው በእነሱ ነውና አንድ ላይ መጥፋት የለባቸውም። በየፎቁ ገመድ ሰብስበው ወደ እነሱ የሚልኩት ትንንሽ ስዊቾች ግን ስታክ ይደረጋሉ፤ እነሱ ብዙ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማስተዳደር ጉልበት ነው፣ ቢጠፉም የሚጠፋው አንድ ፎቅ ነው። ለሁሉም አንድ ልክ ልብስ አይሰፋም። ለዶክተር ወልደኪዳን እንዲህ ብዬ አስረዳሁ። "ማን ነው ያሰበው? ግሩም ነው" አለኝ። ሐሳቡ ቀስ በቀስ ነው የመጣልኝ አልኩት። ሀናንም ተስማምታለች።

ከቢሮው ስንወጣ ሀናን "ቀስ በቀስ ነው የመጣልዎ?" አለችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለዶክተሩ ነገ እነግረዋለሁ።

መስከረም 1 ቀን 2018

አዲስ ዓመት። ዘነበ። ሣራ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራለች።

ለዶክተሩ ነገርኩት። የጥንዱ ሐሳብ የሀናን ነው አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁም።

መስከረም 4

ከሆስፒታሉ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ሾፌሩ ሲያየኝ ወረደ፤ ኮፍያውን አወለቀ። ተገኘ ነው። ከጠበቅሁት ያጠረ፣ ትከሻው የሰፋ። እጁን በሱሪው ጠርጎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ልኬ ራሴ መምጣቴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። መልስ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት።"

"ምን ልትጠይቅ ነው?"

"ቀን። ሥራ የማይኖርብዎት ቅዳሜ የትኛው ነው?"

"ሥራ የሌለበት ቅዳሜ የለም።"

"እንግዲያስ ሥራ ያለበትን ይንገሩኝ" አለ፤ ሳይስቅ። "አቶ ሀብተሚካኤል ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቆመው ነው የሚመለሱት። በከንቱ እንዳላመላልሳቸው ብዬ ነው።"

መስከረም አስር አልኩት። አመሰገነኝ። መኪናውን ሲያስነሳ አየሁት፤ አያጓራውም፣ በዝግታ ነው የሚያስነሳው። ጎማው ስር የቆመ ውሻ እስኪነሳ ጠበቀ።

ቢሮ ስገባ ግድግዳው ላይ ያለውን መርሐ ግብር አየሁ። መላው ሆስፒታል ወደ አዲሶቹ ስዊቾች የሚዛወርበት ቀን መስከረም አስር ነው። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ በቀይ።

መስከረም 7

ለማራኪ አልነገርኳትም። ቀኑን ለማዛወር ዶክተሩን መጠየቅ ይቻላል። ሕንፃው በሚቀጥለው ሐሙስ ይመረቃል። አይቻልም ማለት ነው። ጠዋት ከጀመርን እጨርሳለሁ። ይህን ቀደም ብዬም ጽፌው ነበር መሰለኝ።

መስከረም 9፣ ማታ

ሁሉ ዝግጁ ነው። ገመዶቹ ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ የየፎቁ ስታክ ተፈትኗል፣ ጀነሬተሩ ተሞልቷል። በሥራዬ እተማመናለሁ፤ በዚህ ክረምት ካደረግሁት ሁሉ ነገ የሚሆነውን የሚያህል የለም። ስዊች ቢሞት ሌላ አለ። መስመር ቢበጠስ ሌላ አለ። መብራት ቢሄድ ጀነሬተር፣ ጀነሬተር እስኪነሳ ዩፒኤስ።

ማራኪ ነገ ማን እንደሚመጣ ከሣራ ሰምታለች። አልተቆጣችም። "ዋለ ይምጣ አልኩት" አለች። "ለማስተናገድ ብቻ። ያለ ቃልህ 'ተቀመጡ' ማለት እንደማይችል እሱም ያውቃል።"

"እደርሳለሁ" አልኳት።

ሣራ ሸሚዜን እየተኮሰች ነበር። ነጩን። ሰርቨር ክፍል ነጭ ሸሚዝ እንደማልለብስ ታውቃለች።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወንዳፈረው ቁልፉን ይዞ ቁርስ ሄዷል። አንድ የኃይል ገመድ ብቻ ነው የምፈልገው።

ጠዋት ጀመርን። ካርድ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት፣ ራጅ ተዛወሩ፤ ማንም አልተሰማውም። አንደኛውን ስዊች አፕዴት ላይ አድርገን ሁለተኛው ብቻውን ተሸክሞ ሳለ የሁለተኛው አንዱ የኃይል ገመድ ሲሞቅ ሀናን አየች። መቀየር አለበት። አንድ ሰው ገመድ ያመጣል፣ አንድ ሰው ከስዊቾቹ ጋር ይቀመጣል። የተቀመጠው ሰው ደግሞ መግባት መቻል አለበት።

ሀናን አየችኝ። አልጠየቀችም።

ወንበሬን ለቀቅሁላት። ፓስወርዱን ነገርኳት፤ በቃሌ፣ ፊደል በፊደል። ተየበች። ሁለተኛውም ላይ ገባች። አንደኛው ሲነሳ የላብራቶሪውን መስመር በሁለቱም ላይ አየችና "አሁን እኩል ናቸው" አለች። ከዚያ "ገመዱን ይዘው ይምጡ እንጂ ጋሼ፣ ምን ያቆምዎታል?" አለችኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስታዘኝ የመጀመሪያዋ ነው።

አሁን ዋለ ደወለ። ስልኬን ዛሬ ይዤዋለሁ።

"መጥተዋል" አለ። "ሦስቱም። ካፊያ ጀምሯል፤ ከጣራው ጠርዝ ስር ቆመዋል። ሰውየው ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ወንበሩ አጠገባቸው ነው፣ አይቀመጡም። ምን ልበል?"

"አስቀምጣቸው።"

"በማን ቃል?"

"በእኔ። በእኔ ቦታ ሆነህ ተቀመጡ በላቸው።"

ከዚያ ድምፁ ከስልኩ ራቅ ብሎ ተሰማኝ። ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ሰው "ተመስገን" ሲል። ተመለሰ።

"ተቀመጡ። ሣራ ውሃ እያመጣች ነው። መልሱንስ? እኔው ልንገራቸው?"

ሊነግራቸው ይችል ነበር። ቃሉን ሰጥቼዋለሁ፤ ከአፌ አንድ "እሺ" ቢሰማ ይበቃዋል፣ እነሱም ይበቃቸዋል። እዚህ ቆሜ ገመዴን መጠበቅ እችላለሁ።

"መልሱን እኔ ነኝ የምሰጠው" አልኩት። "መንገድ ላይ ነኝ።"

አልነበርኩም። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ።

ወንዳፈረው ጥርሱን እየፋቀ ከግቢው ማዶ ብቅ አለ፤ ቁልፉን ከሩቅ ያሳየኛል። "መጣሁ፣ መጣሁ! ስንት ሜትር ነው የፈለግኸው?" ይላል። ሀናን ታውቃለች፣ ለእሷ ስጣት እለዋለሁ። ወደ ሰፈሬ የሚሄድ ባጃጅ ዋናው በር ላይ ቆሟል፤ ሳይሞላ ልድረስበት።